ከታች ጥብቅ፣ ከላይ ክፍት፦ አሮጌ ማድቤትን የዶሮ ቤት ለማድረግ

በቆየ ግቢ ውስጥ ሥራ የፈታ ክፍል አይጠፋም። ምድጃው ወደ ዋናው ቤት ከገባ ወዲህ ባዶውን የቀረ ማድቤት፣ ዘበኛ የማያድርበት የዘበኛ ቤት፣ እንጨትና ከሰል ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ ክፍል ይኖራል። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ ዶሮ እርባታ የከተማው ሰው ጭምር ሐሳብ ሆኗል፤ እንዲህ ያለው ክፍልም መጀመሪያ ዓይን የሚገባ ቦታ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ከግንባታ ሁሉ ውዱ ጣሪያና ግድግዳ ሲሆን ሁለቱም ቆመው ይጠብቃሉ። ስሕተቱ የሚመጣው ሥራው ከየት እንደሚጀመር ሲወሰን ነው። ብዙው ሰው ሸለምጥማጥንና ሌባን እያሰበ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል፣ መስኮቱን በቆርቆሮ ይመታል፣ በሩን ያጠብቃል፣ ከዚያ ዶሮዎቹን ያስገባል። ሸለምጥማጡ እውነትም ላይገባ ይችላል፤ ግን እርጥበቱም አይወጣም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ ለሰው ወይም ለዕቃ የተሠራ ክፍል ለዶሮ ደኅና የሚሆነው ከታች ሲጠብቅና ከላይ ሲከፈት ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መክፈቱ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። የምትጠጣው ውሃ የመኖውን ክብደት እጥፍ ይጠጋል፤ ሙቀት ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። እንግዲህ 12 ዶሮዎች በቀን ወደ ሦስት ሊትር ውሃ ይጠጣሉ ማለት ነው። ከዚህ ከእንቁላል ጋር የሚወጣው ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ አብዛኛው በኩስና በትንፋሽ ይወጣል። ዶሮዎቹ ቀኑን ውጭ ቢውሉ እንኳ የሌሊቱ ድርሻ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። መውጫ ያጣ እርጥበት ጉዝጓዙን ያርሳል፤ በራሰ ጉዝጓዝ ላይ ያረፈ ኩስ አሞኒያ ያመነጫል፤ አሞኒያው የዶሮዋን ዓይንና የመተንፈሻ አካል እየጎዳ ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል። ጫጩት የሚፈጀው ኮክሲዲዮሲስም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ተሐዋሱ ከኩስ ጋር ሲወጣ ገና ሌላዋን ለመያዝ አልበሰለም፤ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ሲያገኝ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይበስላል። ሸለምጥማጥ ያደረሰው ጥፋት በማግስቱ ጠዋት ይታያል። እርጥበት የሚያደርሰው ግን እንቁላል በመቀነስ፣ በማስነጠስ፣ ዓይን በማበጥ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ጥፋቱ ለመኖው ወይም ለዝርያው ይሰጣል፤ ቤቱን የሚጠረጥር የለም።

አንደኛ፦ ቤቱ ለለውጥ የሚበቃ መሆኑን ይመርምሩ

ፀሐይ ባለበት ሰዓት ወደ ክፍሉ ይግቡ፤ በሩንና መስኮቱን ዘግተው ወደ ላይ ይመልከቱ። ዛሬ ብርሃን የሚያሾልክ የሚስማር ቀዳዳ ሁሉ ሐምሌ ላይ ውሃ ያሾልካል፤ አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉባቸው። ከዚያ ጎንበስ ይበሉ። በጭቃ ቤት ጣሪያውን የተሸከሙት ቋሚዎቹ ናቸው፤ ምስጥና እርጥበት ደግሞ ቋሚን የሚበሉት ከእግሩ ነው። ረጅም ሚስማር ይዘው የእያንዳንዱን ቋሚ እግር ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ከፍታ ድረስ ይውጉ። ጤነኛ እንጨት ሚስማሩን ይመልሰዋል፤ የተበላ እንጨት ይውጠዋል። የተበሉት አንድ ሁለት ከሆኑ ከጎናቸው አዲስ ቋሚ ማቆም ይበቃል። ግማሹ ከተበላ ግን ለውጡ አያዋጣም፤ ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮውን፣ በሩንና ደኅናውን እንጨት ለአዲስ ሥራ ማዋል ይረክሳል።

ቀጥሎ የክፍሉን ታሪክ ይጠይቁ። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይባላል፤ ከወለሉ የሚወጣው ካራ ግን ዶሮዋን ብቻ ሳይሆን እንቁላሏን የሚበላውንም ሰው ያገኛል። ዶሮ መሬት ትጭራለች፣ ግድግዳ ትለቅማለች፣ ያገኘችውን ትውጣለች፤ ከአፈርና ከተላጠ ቀለም የገባ እርሳስ ወደ እንቁላሉ ይሻገራል። የመኪና ባትሪ የተፈታበት፣ የተቃጠለ ዘይት የተደፋበት፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት የተቀመጠበት ክፍል ቢታጠብም አይታመንም፤ የባትሪ እርሳስ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ በረኪናም ዕድሜም አያጠፋውም። እንዲህ ያለውን ክፍል መተው ነው። ቀለምን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ በደንብ የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ የዘይት ቀለም የሚላላጥ ከሆነ በደረቁ ፍቀው አቧራ አያስነሡ፤ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በውሃ እያራሱ ይፋቁትና ፍርፋሪውን እስከ መጨረሻው ሰብስበው ያስወግዱ። ክዳኑ አሮጌ የአስቤስቶስ ሰሌዳ ከሆነ ደግሞ አይብሱት፣ አይቁረጡት፤ ከተሰበረ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፦ ከበረኪናው በፊት መጥረግና መፋቅ

ባዶ የቆየ ክፍል ንጹሕ ይመስላል፤ አይደለም። በተለይ ቀድሞ ዶሮ አድሮበት ከሆነ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የዶሮ መዥገር ሊኖር ይችላል። ይህ መዥገር ቀን ተሸሽጎ ይውልና ማታ ወጥቶ ደም ይመጥጣል፤ ሳይበላም ከዓመት በላይ መቆየት ይችላል። ስለዚህ ዶሮ ከወጣበት ዓመት ሆኖታል የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም። ያለውን ዕቃ ሁሉ ያውጡ፤ ጥቀርሻውንና የሸረሪት ድሩን ይጥረጉ፤ የተላቀቀውን ምርጊት ያራግፉ። ወለሉ አፈር ከሆነ የላይኛውን ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ድረስ ቆፍረው ያውጡ። ስንጥቆቹን በጭቃና በጭድ ይምረጉ፤ ሲደርቅ ደግሞ የሚሰነጠቀውን ደግመው ይምረጉ። በመጨረሻ ግድግዳውን ከውስጥ ኖራ ይቀቡ። ኖራ ስንጥቅ ይሞላል፣ ተባይ መደበቂያ ያሳጣል፣ ነጭ ስለሆነም የመዥገርና የቅንቅን ምልክት በቀላሉ ያሳያል። ሲበጠብጡ ግን ኖራውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አይጨምሩ፤ ይፈላል፣ ዓይንም ያቃጥላል።

ወለሉ ሊሾ ከሆነ በሳሙና ይታጠብና ከደረቀ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይረጭበት። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። በረኪና ቆሻሻ ሲያገኝ ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርስና ለጀርሙ አይተርፍም። ከዚህም በላይ አሞኒያ ባለበት ኩስ ላይ ቢፈስ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ አደጋው የሚረጨው ሰው ላይ ነው። መጥረጊያውና መፋቂያው የሚቀድሙት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፦ ውሃውን ከጣሪያና ከመሬት ያስቁሙ

ዶሮዎቹ ራሳቸው የሚያመጡት እርጥበት ይበቃል፤ የዝናብ ሊጨመርበት አይገባም። የጣሪያውን ቀዳዳዎች ይድፈኑ፤ የዛጉትን ቆርቆሮዎች ይለውጡ። ክዳኑ ከግድግዳው ወደ ውጭ ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ ያድርጉ፤ አጭር ከሆነ ቆርቆሮ ቀጥለው ያስረዝሙት። ይህ በሚቀጥለው ደረጃ ከላይ ለሚከፈተው ቦታ ጥላም መከታም ነው፤ ክዳኑ ሳይረዝም ግድግዳው ቢከፈት ዝናቡ በወጨፎ ይገባል።

ወለሉ ከውጭው መሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የቆየ ማድቤት ወለል ብዙ ጊዜ በጊዜ ብዛት ከግቢው መሬት እኩል ወይም ዝቅ ያለ ሆኖ ይገኛል፤ ድንጋይ ደልድለው፣ በላዩ ጠንካራ አፈር ጠቅጥቀው ያሳድጉት። አቅም ካለ ወደ በሩ በትንሹ ያዘነበለ ሊሾ ማድረግ ለማጠብም አይጥን ለመከላከልም የተሻለ ነው። ከሌለ የተጠቀጠቀ አፈር ይበቃል፤ ከሥሩ ግን በኋላ የምንመለስበት ወንፊት ሽቦ ይነጠፍ። በውጭ በኩል፣ ከላይ በሚመጣው ጎርፍ አቅጣጫ፣ የውሃ መሄጃ ቦይ ይቆፈር። አንድ ጠንካራ ዝናብ ሲዘንብ ቆመው የውሃውን አካሄድ ማየት ቦዩ የት መቆፈር እንዳለበት ያሳያል።

አራተኛ፦ ከላይ ይክፈቱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሙቅና እርጥብ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ከጣሪያው ሥር መሆን አለበት። በጭቃ ቤት ይህ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው፤ ሸክሙ በቋሚዎቹና በላያቸው በተጋደመው እንጨት ላይ እንጂ በጭቃው ላይ አይደለም። በሁለቱ ትይዩ ረጅም ግድግዳዎች ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለውን ጭቃና ማገር በቋሚዎቹ መካከል ያንሡ፤ ቋሚዎቹን ግን አይንኩ። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ ክፍል በዚህ መንገድ ከሁለቱም ወገን ወደ ሁለት ካሬ ሜትር የሚጠጋ የአየር መተላለፊያ ያገኛል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ግን ጣሪያውን የተሸከመው ራሱ ሊሆን ስለሚችል ግንበኛ ሳያዩት አይፍረስ፤ ያሉትን መስኮቶች መጠቀም ወይም በግንበኛ እጅ አዲስ ማስከፈት ይሻላል። ይህ ልክ ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ቦታዎች ነው። እንደ ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ባለ ቆላ፣ የግድግዳው የላይኛው ግማሽ በሙሉ ሽቦ ቢሆን አይበዛም፤ እዚያ የሚገድለው ሙቀቱ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ብርድ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደጋ ላይ ይበርዳል፤ ክፍት ቤት ዶሮ አይጨርስም ወይ? መልሱ በብርድና በነፋስ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ያደገች ዶሮ የሰውነቷ ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ላባዋን ነፍታ በመካከሉ አየር ትይዛለች፤ ደረቅ እስከሆነች ድረስ የደጋን ሌሊት ትችለዋለች። የማትችለው የረጠበ ላባንና በቀጥታ የሚመታትን ነፋስ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለው ጤዛ ላባዋን ሲያርሰው ያ የተያዘ አየር ይጠፋል፤ ስለዚህ ለሙቀት ተብሎ የተዘጋው ቤት መልሶ ያበርዳታል። መፍትሔው መድፈን ሳይሆን ቆጡን ከክፍቱ በታች ማድረግ ነው፤ አየሩ ከራሳቸው በላይ ያልፋል። በጣም ለሚበርዱት ሳምንታት የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተው መጋረጃ ይሥሩ፤ መጋረጃው ከክፍቱ ታችኛ ጠርዝ ተይዞ ወደ ላይ የሚሳብ ይሁን እንጂ ከላይ የተንጠለጠለ አይሁን። እንዲህ ሲሆን መጋረጃው የቱንም ያህል ቢሳብ ከላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተርፋል፤ እርጥበቱም በዚያ ይወጣል።

ጫጩት ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለጀማሪ በዚህ ቤት የሚመከረው ጫጩት ሳይሆን ቄብ ወይም ከሁለት ወር በላይ የሆናት፣ ላባዋ የሞላ ዶሮ ናት። ጫጩት የግድ ከሆነ በቤቱ ውስጥ በጭድ የተከበበ ሳጥን ተዘጋጅቶ ሙቀቱ እዚያ ብቻ ይያዝ። ክፍሉ ማድቤት ነበር ብሎ ከሰል ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጫጩቱንም ሊያይ የገባውን ሰውም ይገድላል።

አምስተኛ፦ ከታች ያጥብቁ

ከላይ የተከፈተው ሁሉ በሽቦ ይሸፈናል፤ የሽቦው ዓይነት ግን ይለያያል። ባለስድስት ጎን ዓይን ያለው ቀጭን የዶሮ ሽቦ ዶሮን ውስጥ ያቆያል እንጂ አውሬን ውጭ አያቆይም። ውሻ ይቀደዋል፤ አይጥ በዓይኑ ታልፋለች፤ ሸለምጥማጥም ደካማውን ጠርዝ ፈልጎ ያላቅቀዋል። የሚያስፈልገው በብየዳ የተያያዘ፣ ዓይኑ ከ12 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ወንፊት ሽቦ ነው። ዋጋው ይበልጣል። ገንዘቡ ካልበቃ ግን ክፍቱን ከማጥበብ ይልቅ ጠንካራውን ሽቦ ከታች፣ ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ባለው ቦታና ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍት ላይ ያድርጉት፤ ዶሮዎቹ ቀን ለሚውሉበት የውጭ አጥር የላይኛ ክፍል ደካማው ሽቦ ይበቃል። አያያዙም እኩል ወሳኝ ነው። ሽቦውን በሚስማር ብቻ መትቶ ማጠፍ አይበቃም፤ ጠርዙ በጣውላ ተጨፍልቆ ጣውላው በሚስማር ወይም በብሎን ይያዝ። አውሬ የሚሞክረው መካከሉን ሳይሆን ጠርዙን ነው።

ወደ ታች ሲመጣ ጠላት የሚቆፍር ነው። በቤቱ ዙሪያ ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት መቅበር ወይም ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አንጥፎ በአፈርና በድንጋይ መሸፈን ይቻላል። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ የሚቆፍር አውሬ ሥራውን የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ ወዲያው ሽቦው ላይ ያርፋል፤ ወደ ኋላ ርቆ ለመጀመር አያስብም። ብሎኬት ከሆነ የብሎኬቱ ክፍት አፎች የአይጥ ጎጆ እንዳይሆኑ በሲሚንቶ ይደፈኑ። አይጥ እንቁላልና መኖ ከመብላቷ ሌላ በሽታ ታመጣለች፤ እባብንም ትጠራለች።

በሩ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ሐሳብ ይሆናል፤ መሆን ያለበት ግን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ከአንድ ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የታችኛው ጠርዙ በቆርቆሮ ይለበጥ። ከደፉ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ተነቃይ ጣውላ ይቁም፤ ጉዝጓዙን ይይዛል፣ በሩም ሳይጨናነቅ ይከፈታል። ለዶሮዎቹ 30 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ መውጫ ይበቃል፤ እሱም ወደ ላይ የሚንሸራተት ሆኖ ማታ የሚቆለፍ ይሁን። መቀርቀሪያው በአንድ ግፊት የሚከፈት ዓይነት አይሁን። ሰፊ ክፍት ሌባ ይጋብዛል ለሚለው ስጋት ደግሞ መልሱ ከሽቦው በስተጀርባ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚደረደር ፌሮ ነው። ሰው አያሳልፍም፣ አየር ግን ያሳልፋል። ሌባን በመድፈን መከላከል የሚቻለው ዶሮዎቹን በመጉዳት ዋጋ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ ውስጡን ያደራጁ፣ ቁጥሩንም ይወስኑ

የክፍሉን ስፋት ለክተው በካሬ ሜትር ከሦስት እስከ አራት ዶሮ ይቁጠሩ። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነው ክፍላችን ስድስት ካሬ ነው፤ ከ18 እስከ 24 ይይዛል ማለት ነው። ለጀማሪ ግን 12 ይበቃዋል። የንግድ እርባታ ከዚህ አጥብቆ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን የንግድ ቤት ለአየር ተብሎ ከመጀመሪያው የተሠራ ነው፤ የእርስዎ ግን በልወጣ የተገኘ ነው። ቆጡን ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ጠርዙ ከተላገ እንጨት ይሥሩ፤ ለአንዲት ዶሮ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይስጡ፤ ከወለሉ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ሁሉንም በአንድ ደረጃ ያስተካክሉ፤ አንዱ ከሌላው ቢበልጥ ማታ ማታ ለላይኛው ይጣላሉ። ከሥሩ ተነቃይ ሰሌዳ ቢያኖሩ የሌሊቱ ኩስ እሱ ላይ ይጠራቀማል፤ ጠዋት ጠርጎ ማውጣት የቤቱን እርጥበት በእጅጉ ይቀንሳል።

የእንቁላል መጣያው 30 በ30 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ይሁን፤ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል። ከቆጡ ዝቅ ብሎ፣ ጨለምለም ባለው ጥግ ይቀመጥ፤ ከቆጡ ከፍ ካለ ያድሩበታል፣ ካደሩበትም ያበላሹታል። ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ገለባ ወይም ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይሆናል፤ ሰጋቱራው ደረቅና በመድኃኒት ካልተነከረ እንጨት የወጣ ይሁን፤ ዱቄት መሳዩ ደቃቅ ሰጋቱራ ግን ለትንፋሻቸው መጥፎ ስለሆነ ሻካራውን ይምረጡ። ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይሙሉ። ደረቅነቱን በእጅዎ ይፈትኑ፤ አንድ ጭብጥ ይዘው ጨምቀው ይልቀቁ። ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ ጥቂት ተያይዞ ወዲያው ከፈረሰ ልክ ነው። በአንድ ጥግ አመድና አፈር ያለበት ሰፊ ገበቴ ቢቀመጥ ዶሮዎቹ እየተንከባለሉበት ቅማልና ቅንቅንን ይቀንሳሉ። የውሃ መጠጫውን ከጉዝጓዙ በላይ፣ በዶሮዋ ጀርባ ከፍታ ያድርጉት፤ ዝቅ ያለ መጠጫ በጉዝጓዝ ይቆሽሻል፣ የፈሰሰውም ዙሪያውን ያረጥባል።

የመብራት ጉዳይ ብዙ ያከራክራል። እንቁላል ጣይ ዶሮ በደንብ ለመጣል ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የእኛ ቀን ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ጥቂት መብራት የሚጨምሩ አሉ። ካደረጉት የድሮውን ሽቦ ሳይሆን በባለሙያ የተዘረጋ አዲስ ሽቦ ይጠቀሙ፤ አምፑሉ ከጭድ ይራቅ፣ በወንፊት ሽቦም ይከለል። ለቤት ፍጆታ ከሆነ ግን ያለ መብራት የሚገኘው እንቁላል አያሳፍርም።

ሰባተኛ፦ ዶሮዎቹን ማስገባት

ቤቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ኖራውና ሊሾው ፈጽመው እስኪደርቁ ባዶውን ይቆይ። የሚገዟቸው ዶሮዎች ክትባታቸው የተመዘገበ ይሁን። በአገራችን ዶሮን መንጋ ሙሉ የሚፈጀው ፈንግል ነው፤ ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም የክትባቱን ጊዜ ይነግርዎታል። በበዓል ሰሞን ከገበያ የተገዛ ዶሮ ከብዙ ቦታ ከመጡ ዶሮዎች ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይግባ፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በተለየ ቦታ ይቆይ። ቤቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር በዶሮ ክንፍ ሥር ተደብቆ የሚገባን በሽታ አያቆምም። አውራ ዶሮ እንቁላል ለመጣል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚያስፈለፍል ብቻ ነው። ጎረቤት በጠባብ ግቢ ውስጥ ከሆነ አለማምጣቱ ሰላም ነው።

ይህ ሁሉ ለጥቂት ዶሮ ይበዛል፤ ድሮም ዶሮ ከሰው ጋር አንድ ቤት ያድር ነበር የሚል ይኖራል። ያድር ነበር፤ በገጠር አሁንም ያድራል። ነገር ግን ዴሪክ ሄዴይና ካሌ ሂርቮነን እ.ኤ.አ. በ2016 በገጠር ኢትዮጵያ ላይ ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፣ ዶሮዎቹ ማታ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ በሚያድሩባቸው ቤቶች ግን ግንኙነቱ ወደ ተቃራኒው ዞሯል። ጥናቱ ያሳየው ተዛማጅነትን እንጂ መንስኤና ውጤትን አይደለም፤ ያም ሆኖ አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ ከዶሮ የሚገኘው ጥቅም እንዲቀጥል ዶሮዋ የራሷ ማደሪያ ያስፈልጋታል። ይህ የተለየ ቤት ሊሠራ ይገባል ለሚለው ክርክር ከሸለምጥማጥ የበለጠ ምክንያት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ኬጅ ነው። የብረት ኬጅ ገዝቶ እዚያው አሮጌ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ሁሉንም ያቃልላል ይባላል። ኬጅ ኩስን ከዶሮዋ ይለያል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በተመሳሳይ ክፍል ውስጥ ብዙ ዶሮ ለማስገባት ስለሚያስችል የሚወጣውን እርጥበትና አሞኒያ ይጨምራል፤ መስኮቱ የተደፈነ ክፍል ደግሞ ያንን አይችልም። ኬጅ የመረጠ ሰው ከአራተኛው ደረጃ አያመልጥም፤ እንዲያውም የበለጠ ያስፈልገዋል።

ቤቱ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ያለው ጠዋት ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ሌሊቱን የተዘጋውን በር እንደከፈቱ ይግቡና በጉልበትዎ ዝቅ ብለው በዶሮዎቹ ቁመት ይተንፍሱ። ቆሞ ማሽተት ያታልላል፤ አሞኒያው የሚወጣው ከጉዝጓዙ ስለሆነ ዶሮዋ የምትተነፍሰው ከታች ያለውን ነው። ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ፣ ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ከተንጠባጠበ፣ ወይም ጉዝጓዙ በጭብጥ ውስጥ ከተጣበቀ መጀመሪያ ክፍቱን ያስፉ፤ በቂ ካልሆነ የረጠበውን ጉዝጓዝ ይለውጡ፤ ይህም ካልበቃ የዶሮዎቹን ቁጥር ይቀንሱ። አውሬ የሞከረበት ምልክት ካዩ ደግሞ የተሞከረውን ጠርዝ ያጠንክሩ እንጂ ክፍቱን አይዝጉ። ለአንድ ሌሊት ጥቃት ብሎ የሚደፈን መስኮት ዓመቱን ሙሉ ዋጋ ያስከፍላል።